ሁለት መስኡዳ ሐቢብ

መስኡዳ ሐቢብ ሁለት ግብ ማስቆጠሯን የሰማችው ባጃጅ ውስጥ ሽንኩርት ታቅፋ ተቀምጣ ነው።

ከሐይቅ ገበያ ወደ ቤቷ እየተመለሰች ነበር። ሾፌሩ የከፈተው ሬዲዮ ስፖርት ያወራል። በኮሌጆች የሴቶች እግር ኳስ ውድድር ዋርካ በር ኮሌጅ ሁለት ለባዶ ማሸነፉን፣ ሁለቱንም ግቦች ያገባችው ስምንት ቁጥሯ መስኡዳ ሐቢብ መሆኗን ተናገረ። ሾፌሩ የሰፈር ልጅ ነውና በመስታወቱ አየት አድርጓት «ሞክሼ አገኘሽ» ብሎ ሳቀ። እሷም አብራው ሳቀች። ከወረደች በኋላ ግን ሳቁ ፊቷ ላይ ደረቀ። ሐቢብ የሚባል አባት አገር ሙሉ ነው። መስኡዳ የምትባል ልጅም አትጠፋም። ስምንት ቁጥር ለብሳ ለዋርካ በር ኮሌጅ የምትጫወት መስኡዳ ሐቢብ ግን አንዲት ብቻ ልትሆን ይገባ ነበር፤ እሷም ይቺው ሽንኩርት የተሸከመችው ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከዓመት በፊት መስኡዳ የሐይቅ ሴቶች ታዳጊ ፕሮጀክት አማካይ ነበረች። አሰልጣኙ አብደላ ይባላል፤ ቀን የስፖርት መምህር፣ ከአስር ሰዓት በኋላ ደግሞ ሃያ ሦስት ሴት ልጆችን በነጻ የሚያሠራ፣ ከተማው የሚያከብረው ሰው ነው። «ሴት ልጅን ኳስ ምን ያደርግላታል» የሚል አባት ካለ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚለምነው እሱ ነው። የመስኡዳ አባት ሐቢብ ዓሣ አጥማጅ ስለሆነ እሱንም የለመነው ሐይቁ ዳር፣ መረብ አብሮት እየጎተተ ነበር።

በዚያ ዓመት ደሴ ላይ በተደረገው የዞን ውድድር መስኡዳ በአራት ጨዋታ አምስት ግብ አገባች። ከዋርካ በር ኮሌጅ የመጣ ሰው ስሟን ጻፈ። ነጻ ትምህርትና ማደሪያ ይሰጣታል፤ እሷ ደግሞ ለኮሌጁ ትጫወታለች። ደብዳቤው በአብደላ እጅ መጣ። «የአስራ ሁለተኛ ክፍል ውጤትሽን ኦሪጅናሉንና መታወቂያሽን አምጪ፣ እኔው ይዤልሽ ልሂድ» አላት። ሰጠችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንገቱን ደፍቶ መጣና ቦታው ሞልቷል መባሉን ነገራት። ወረቀቶቿ እዚያ ፋይል ውስጥ ስለቀሩ በኋላ እንደሚያስመጣላት ነገራት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ስላየችው «አብሽር ጋሼ» ብላ ያጽናናችው እሷ ነበረች።

ከሬዲዮው በማግስቱ ሔለን ጋ ሄደች። ሔለን የፕሮጀክቱ በረኛ የነበረች ጓደኛዋ ናት፤ አሁን መናኸሪያው አጠገብ ስልክ ትጠግናለች። ሔለን የዋርካ በር ኮሌጅን የቴሌግራም ገጽ ፈልጋ የቡድኑን ፎቶ ከፈተች። ሁለቱም ስልኩ ላይ አጎነበሱ። ስምንት ቁጥር ለብሳ ከፊት የተንበረከከችው ሱረያ ናት።

ሱረያ የአብደላ የእህት ልጅ ናት። አባቷ ሲሞት ከውጫሌ አምጥቶ ያሳደጋት እሱ ነው። ፕሮጀክቱ ውስጥ የመስኡዳ ተቀያሪ ነበረች። ከአስራ አንደኛ ክፍል ስላቋረጠች የትኛውም ኮሌጅ አይቀበላትም ነበር። የመስኡዳ መታወቂያ ላይ ያለው ፎቶ የደበዘዘ ነው፤ ሻሽ ያጠለቀች ቀጭን ልጅ ያሳያል። ሱረያም ቀጭን ናት፣ ሻሽም ታጠልቃለች። ደሴ ላይ የመስኡዳን ስም የጻፈው ሰውዬ ደግሞ ትምህርት ሳይከፈት ሥራ ለቆ ስለሄደ በሩ ላይ የሚያውቃት አልነበረም።

«አሁኑኑ ለአባትሽ ንገሪ» አለች ሔለን።

«ብነግረው ምን ይሆናል?» አለች መስኡዳ። ድምጿ የተረጋጋ ነበር። «ሽማግሌ ይሰበሰባል። አብደላ ጉልበት ይስማል። ‹አፉ በይው› ይሉኛል። በሽማግሌ ፊት እንዴት እምቢ እላለሁ? አፉ እላለሁ። ከዚያ በኋላ ነገሩን ባነሳው ነውረኛዋ እኔ ነኝ። ሱረያ ትማራለች፣ እኔ ሽንኩርት እገዛለሁ።»

«ታዲያ ዝም ልትይ ነው?»

«እስከ ጊዜው።»

የወሎ ሰው አፉታ፣ ይቅር ማለቱ፣ ቀላል ነገር አይደለም። አንዴ አፉ ከተባለ ደም እንኳ ይደርቃል። መስኡዳ የፈራችው ይህንኑ ነው። በደሏ እንዳይሰረቅባት ደበቀችው። አብደላን መንገድ ላይ ስታገኘው እንደ ወትሮው ጎንበስ ብላ እጁን ትስማለች። ለኢድ ቤቱ ሄዳ በላች። ስለ ወረቀቶቿ አንድም ቀን አልጠየቀችውም። እሱም ረሳችው ብሎ ቀስ በቀስ ልቡ ተመለሰ።

እናቷን ዙሌይካን ግን ማታለል አልሆነላትም። «አንቺ ልጅ፣ ስግደትሽ ረዝሟል፣ ፊትሽ ግን አልበራም» አለቻት አንድ ቀን። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነው።»

«ሳሌን እውጠዋለሁ እማዬ» አለች መስኡዳ።

መጀመሪያ ስሟን በወረቀት ማስመለስ ነበረባት። መታወቂያዬ ጠፋ ብላ ከቀበሌ አዲስ አወጣች፤ ከባዱ የፈተና ውጤቱ ነበር። ትምህርት ቤቱ በጦርነቱ ጊዜ ተዘርፎ ግማሹ መዝገብ ጠፍቷል። የሪከርድ ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ተሾመች ግን ከተማው ሊያዝ ሲል የፈተና ውጤት መዝገቦቹን በጆንያ አድርገው ቤታቸው እህል ጎተራ ውስጥ ደብቀው ነበርና የመስኡዳም ውጤት ተረፈ። ምትክ ሲጽፉላት በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩዋት።

«ኦሪጅናሉን ምን አደረግሽው?»

«ሰው ጋ ነው።»

«የሚመልስልሽ ሰው ነው?»

«ይመልሳል» አለች።

በዚያው መስከረም ደሴ ያለ አንድ የጤና ኮሌጅ ለሴቶች ቡድኑ ተጫዋች እየፈተነ መሆኑን ሰምታ ሄደች። አሰልጣኟ ሰርካለም ትባላለች፤ በወጣትነቷ ክለብ የተጫወተች፣ ስትናገር የማትጮህ፣ ዓይኗ ግን ምንም የማያመልጠው ሴት ናት። ሠላሳ ልጆች ተፈትነው መስኡዳ አለፈች። ሆኖም ስምንት ቁጥር አልተሰጣትም።

«ከፊት የሚያገቡልኝ ሁለት ልጆች አሉኝ» አለቻት ሰርካለም። «የቸገረኝ ኳስ የሚነጥቅ ነው። ስድስት ቁጥር ትጫወቻለሽ። ሥራሽ የሌላውን ቡድን ጨዋታ አቀጣጣይ ማፈን ነው። ግብ አታገቢም፣ ማንም ስምሽን አያነሳም። ትችያለሽ?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ታለቅስ ነበር። ዋርካ በር ኮሌጅ ጨዋታውን የሚያቀጣጥልለት ማን እንደሆነ ስላሰበች ግን ወዲያው «እችላለሁ ኮች» አለች።

የመጀመሪያው ዓመት ከባድ ነበር። ሰባት ጨዋታ ሙሉ ተቀያሪ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ስትገባም ቶሎ እየተንሸራተተች ሰው ትጥላለች፤ በሦስት ጨዋታ ሁለት ቢጫ አየች። ሰርካለም ጠርታ «አንቺ ኳሷን አይደለም የምታዪው፤ ልጅቷን ነው። ማንን እንደምትመቺ አላውቅም፣ ግን እዚህ ሜዳ ላይ የለችም» አለቻት። መስኡዳ ከዚያ ወዲያ ቁጣዋን መቆጠብ ተማረች። ጠዋት ጠዋት ከክፍል በፊት በሆጤ ዳገት ትሮጣለች። ሱረያ የተጫወተችባቸውን ቪዲዮዎች ከሔለን እየተቀበለች ደጋግማ ታያለች። ሱረያ ኳስ ስትቀበል ሁልጊዜ መጀመሪያ ወደ ግራ ትከሻዋ ትገላመጣለች፤ ከዚያ ወደ ቀኝ ትዞራለች። ተጋጣሚ ሲጠጋት ኳሱን በውጭ እግሯ ትገፋዋለች። መስኡዳ እነዚህን የምታጠናው የሰውነት ክፍሎችን ስም ከምታጠናበት በላይ ነበር። በጥላቻ የተጀመረው ጥናት ጨዋታ ማንበብ አስተማራት። በሁለተኛው ዓመት ከመጀመሪያው አሰላለፍ የሚያስወጣት አልተገኘም።

በዚያ ዓመት የካቲት ላይ የኮሌጆቹ ውድድር ማጠቃለያ ሐይቅ ላይ እንዲደረግ ተወሰነ። ስምንት ቡድን በሁለት ምድብ በየከተማው ይጋጠማል፤ ሐይቅ የሚመጡት ለግማሽ ፍጻሜ ያለፉት አራቱ ብቻ ናቸው። ዕጣው ሲወጣ የጤና ኮሌጁና ዋርካ በር በግማሽ ፍጻሜ ሊገናኙ የሚችሉበት ምድብ ደረሳቸው። ሁለቱም አለፉ።

ከጨዋታው ሦስት ቀን በፊት ሰርካለም የስም ዝርዝሩን ይዛ መጣች። «ሞክሼ አለሽ» አለች። «አባትሽም አንድ ነው። አያትሽም አንድ ነው። የትውልድ ቀንሽም አንድ ነው።» ወረቀቱን አጠፈችው። «ንገሪኝ።»

መስኡዳ ሁሉንም ነገረቻት።

«አሁን ብናመለክት በጓሮ ያወጧታል፤ ነገሩ እዚያው ያልቃል» አለች ሰርካለም።

«ለዚህ ነው የማላመለክተው።»

«ኳስ የበቀል መሣሪያ አይደለም ብዬ ልመክርሽ ነበር። ሁለት ዓመት ያሯሯጠሽ ምን እንደሆነ ስላወቅሁ ግን አፌ አይደፍርም።»

ዝርዝሩን ያየችው ሰርካለም ብቻ አልነበረችም። አብደላ የአስተናጋጅ ኮሚቴው አባል ነው። አርብ ከጁምዓ በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች አስከትሎ ሐቢብ ቤት መጣ፤ መስኡዳም ለውድድሩ ሐይቅ ገብታ እዚያው ነበረች። ሁለቱ ጥምጣም ያሰሩ ሸሆች ናቸው፤ ሦስተኛው አያ አሻግሬ የሚባሉ፣ ከክርስቲያኑም ከሙስሊሙም ጋር ስንት ደም ያደረቁ ሽማግሌ ናቸው። አብደላ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ሳይቀመጥ ቆመ። ሐቢብ ነገሩን የሰማው ያኔ ነው። ፊቱ ግራጫ ሆነ፤ ልጁን አያት፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ሳትነግረው መቆየቷ ከስርቆቱ እኩል አመመው።

«ልጄ» አሉ አያ አሻግሬ፣ «ጥፋቱን አንክድም። እሱም አጠፋሁ ብሎ መጥቷል። ልጅቷ ግን ለመመረቅ ስድስት ወር ነው የቀራት። አንቺም በአላህ ፈቃድ በሌላ በር ገብተሻል። የወደቀውን ማንሳት እንጂ የቆመውን መጣል ምን ያደርጋል?»

አብደላ ቀና አለ። «ጎበዝ ስለሆንሽ አንድ በር ቢዘጋብሽ ሌላ ትከፍቻለሽ ብዬ ነው። እሷ ግን ከዚያ ሌላ በር አልነበራትም። አፉ በይኝ መስኡዳ።»

መስኡዳን ከሁሉ በላይ ያናደዳት አባባሉ ሐሰት አለመሆኑ ነው። በእርግጥ ሌላ በር ከፍታ ገብታለች። የጉብዝናዋ ዋጋ መዘረፍ መሆኑ ግን አልዋጥልሽ አላት። ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ በጨዋ ልጅ ድምፅ ተናገረች።

«እውነትዎን ነው ጋሼ። አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። እሑድ ትጫወት። ታመመች ተብላ ወንበር ላይ እንዳትቀመጥ። ከጨዋታው በኋላ ስለ አፉታው መልሴን እሰጣለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ፊታቸው ፈካ። «የተባረክሽ» አሉ። ዱዓ አደረጉ፣ መረቁ፣ ወጡ። አብደላ ሲወጣ የመስኡዳን እጅ ይዞ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀም።

ሐቢብ በሩ ላይ ቆሞ እስኪርቁ ጠበቀ። «ምን አስበሻል?» አላት።

«ኳስ መጫወት ነው አባባ።»

«እኔ ዕድሜዬን መረብ ስጥል የኖርኩ ሰው ነኝ» አለ። «መረብ ሲጣል አይቼ አላጣውም።»

እሑድ ሜዳው ዙሪያውን ሰው ሞላው። የከተማው ሰው የራሱን ልጅ ለማየት ነው የወጣው። ድምፅ ማጉያውን የያዘው የሐይቅ ልጅ ስለሆነ መስኡዳንም ሱረያንም ከልጅነታቸው ያውቃቸዋል። የጤና ኮሌጁን አሰላለፍ አነበበ። «ስድስት ቁጥር፣ የራሳችን ልጅ፣ መስኡዳ ሐቢብ» ሲል ጭብጨባው ደመቀ። ከዚያ የዋርካ በርን ጀመረ። «ስምንት ቁጥር፣ መስኡዳ...» ብሎ አቆመ። ወረቀቱን አየ። ሜዳ ላይ የቆመችውን ልጅ አየ። «መስኡዳ ሐቢብ» አለ በዝግታ።

ከወዲያ ማዶ አንዲት ሴት «ይቺ የአብደላ ሱረያ አይደለችም እንዴ?» አለች። ጉምጉምታው እንደ ሰደድ እሳት ሜዳውን ዞረ። ሱረያ ቀና ብላ አልተመለከተችም፤ የማሊያዋን ጫፍ በጣቷ ትጠመዝዛለች። መስኡዳ ከሃያ እርምጃ ርቀት ይህን አየች፤ ሁለት ዓመት የጠበቀችው ጣዕም አፏ ውስጥ ገባ። ጣፈጣት።

ጨዋታው ሲጀመር ጥላዋ ሆነች። ሱረያ ወደ ግራ ስትገላመጥ መስኡዳ በቀኝ ቆማ ትጠብቃታለች። በውጭ እግሯ ልትገፋ ስትል ኳሱ ቀድሞ ተወስዷል። አንድም ጊዜ አልጠለፈቻትም፣ ማሊያዋን አልጎተተችም፤ በየተራ ያላትን ሁሉ ወሰደችባት። በሠላሳ አራተኛው ደቂቃ ከእግሯ ላይ ነጥቃ ለክንፍ ተጫዋቿ የሰጠቻት ኳስ ግብ ሆነች። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ሱረያ አንድ ጊዜ ብቻ አመለጠቻት፤ በሁለት ተከላካዮች መካከል አልፋ የመታችው ኳስ የግቡን አግዳሚ ነቅንቆ ተመለሰ። ሜዳው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። መስኡዳም ሳትወድ በልቧ «ወይ ግሩም» አለች። አንድ ለባዶ አለቀ።

ሰርካለም ወደ እሷ መጣች። «አሸንፈናል። አሁን ክሱ ለእኛ ምንም አይጠቅመንም።»

«ለእናንተ አይደለም ኮች፤ ለእኔ ነው» አለች መስኡዳ።

ከቦርሳዋ ምትኩን ውጤትና አዲሱን መታወቂያ አውጥታ፣ ሰው ሳይበተን፣ ሜዳውን አቋርጣ ወደ ጨዋታው ኮሚሽነር ሄደች። ኮሚሽነሩ ወረቀቶቹን አገላበጡና ሱረያን አስጠሩ። ሰው ገመዱን አልፎ ተጠጋ።

«ስምሽ ማነው?» አሉ ኮሚሽነሩ።

ሱረያ በኮሚቴው ድንኳን ውስጥ ወደ ተቀመጠው አጎቷ ዞረች። አብደላ ደግሞ መስኡዳን ነበር የሚያየው። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፤ ምን እንደሚል ግልጽ ነው። መስኡዳ ዓይኑን ሳትሸሽ ጭንቅላቷን ወደ ግራና ቀኝ ነቀነቀች። መልሷ እሱ ነበር።

«ሱረያ» አለች ልጅቷ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በፍጥነት ሆነ። ዋርካ በር ሱረያን በሳምንቱ አሰናበተ። አብደላ ከማሠልጠን ታገደ፤ በመምህርነቱም ወደ ሩቅ ወረዳ ተዛወረ። ፕሮጀክቱን የሚረከብ ስላልተገኘ ሃያ ሦስቱ ልጆች ቤታቸው ገቡ። አንዳንዶቹ እናቶች መስኡዳን መንገድ ላይ ሲያገኟት ሰላምታ ይነፍጓታል።

ለራሷም አልቀናላትም። ከክልሉ የመጣው የቅጣት ደብዳቤ «መስኡዳ ሐቢብ የተባለችው ተጫዋች ጉዳይዋ እስኪጣራ ታግዳለች» ይላል፤ የትኛዋ እንደሆነች አይልም። ፍጻሜው ላይ ወንበር እንኳ ሳይፈቀድላት ከአጥሩ ውጭ ቆማ ቡድኗ ሦስት ለአንድ ሲሸነፍ አየች። እግዱ እስኪነሳ አራት ወር ቢሮ ለቢሮ ተንከራተተች። ሁለት የቡድን ጓደኞቿ እስከ ክረምት አላነጋገሯትም።

ከሁሉ የከበዳት የአባቷ ነገር ነው። ሐቢብ አልተቆጣም። አንድ ቀን መረቡን እየጠገነ ሳለ ብቻ እንዲህ አላት፤ «አፉ አለማለት መብትሽ ነው። የተበደልሽው አንቺ ነሽ። ሽማግሌ ማታለልሽ ግን የኔንም ስም ነው የነካው። ከእንግዲህ ማን እኔን ለእርቅ ይጠራኛል?» እንደተናገረውም ከዚያ ወዲያ ለእርቅ የጠራው የለም።

በመስከረም ወደ ሰሜን ያለ አንድ የሴቶች ክለብ ለሙከራ ጠራት፤ አለፈችም። ሻንጣዋን ይዛ ስትሄድ አውቶቡሱ ውጫሌ ላይ ለቁርስ ቆመ። ውሃ ልትገዛ የገባችበት ሱቅ ውስጥ ከባንኮኒው ጀርባ የተነሳችው ሱረያ ነበረች። ሁለቱም ለአፍታ ደነገጡ።

«ወደ ክለብ ነው?» አለች ሱረያ ሻንጣውን አይታ።

«አዎ።»

ሱረያ ውሃውን አቀበለቻት። «መጀመሪያ ሰሞን ‹መስኡዳ› ሲሉኝ አልሰማም ነበር፤ ደንቆሮ ነሽ ይሉኝ ነበር። በኋላ ለመድኩት። ስለምድ ደግሞ አንቺን እየጠላሁሽ መጣሁ። ያንቺን ወስጄ አንቺን ጠላሁ።» ባንኮኒውን በመዳፏ ጠረገች። «አጎቴ ነው ያደረገው ብዬ አላመልጥም። አውቄ ነው የሄድኩት። አፉ በይኝ።»

ውጭ ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። መስኡዳ የሱረያን ፊት አየችው። ከስቷል። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ያን ዓመት የገዛችው ሽንኩርት፣ ለኢድ የበላችው የአብደላ ሥጋ፣ ያጽናናችው ጊዜ ሁሉ መጣባትና ዋጠችው።

«አልልም ሱረያ» አለች። «አንድ ቀን እል ይሆናል። ዛሬ ግን ውሸት ይሆንብኛል።»

ሱረያ ራሷን ነቀነቀች። «እሺ። መንገድሽን ያቅናልሽ።»

አውቶቡሱ ሲነሳ አጠገቧ የተቀመጡት እናት በመስኮቱ ወደ ሱቁ እያዩ «ታውቂያታለሽ እንዴ? ቆማ ታይሻለች» አሏት።

«አውቃታለሁ» አለች መስኡዳ። «ሱረያ ትባላለች። ኳስ ታውቃለች።»

ሴትዮዋ ሌላ ነገር ሊጠይቁ ፈልገው ፊቷን ሲያዩ ተዉት። አውቶቡሱ ዳገቱን ጀመረ።